እናቴን ይዤ ካይሮ ልሄድ ነው፤ አምስቱን ቀን እንዴት ላድርገው?

የሽምብጥ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም። ካይሮን የምታውቁ የባሕር ዳር ልጆች ካላችሁ ምክራችሁን እፈልጋለሁ።

ከጥምቀት በኋላ እናቴን ይዤ ካይሮ ልሄድ ነው። የምንገባበትና የምንወጣበት ቀን ሳይቆጠር ሙሉ አምስት ቀን አለን። እማዬ 67 ዓመቷ ነው። ከአገር ወጥታ አታውቅም፣ ከባሕር ዳር ርቃ የሄደችው ለላሊበላና ለግሸን ብቻ ነው። ግብፅ ሲባል ግን ለእሷ ባዕድ አገር አይደለም። በየዓመቱ በጽጌ ወር የእመቤታችንን ስደት እያለቀሰች ስትሰማ ነው የኖረችው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት በሄድን ቁጥር ግድግዳው ላይ ስደቷ የተሳለበት ቦታ ስትደርስ ሳትቆም አታልፍም። አሁን ያንን አገር በእግሯ ልትረግጠው እንደሆነ ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ የላትም።

እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ሙዚየም እወዳለሁ። የቱታንካሙንን ወርቅ፣ የነገሥታቱን አስከሬን፣ ፒራሚዱን ማየት እፈልጋለሁ። እቅድ ላወጣ ተቀምጬ ስጽፍ 23 ቦታ ሆነብኝ። ጉልበቷን ከሚያማት እናት ጋር በአምስት ቀን 23 ቦታ እንደማይሆን አውቃለሁ፣ የቱን እንደምሰርዝ ነው ያቃተኝ።

የትኛው ሙዚየም ይቅርብኝ? ዘይቱን ማርያም ቤተ ክርስቲያን መሄድ ለእሷ የግድ ነው፣ ሌላስ? ቤተ ክርስቲያኖቹ ውስጥ እንደኛ ጫማ ይወለቃል ወይ? ጾመ ነነዌ እዚያ ሊያገኘን ስለሚችል የጾም ምግብ በቀላሉ ይገኛል? አንድ ሌላም ልጠይቅ፤ ኢትዮጵያዊ መሆናችንን ሲያውቁ ግድቡን እያነሱ ያስቸግሩናል? እማዬ እንዲከፋት አልፈልግም።

ዓባይ ማዶ

እንኳን ደስ ያላችሁ። እኔ ካይሮ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ከተመለስኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ቀጥታ ልንገርሽ፦ የመጀመሪያውን ሙሉ ቀን ለአሮጌው ካይሮ ስጪው። ሌላ ምንም አትጨምሪበት። ሰዎች ጠዋት ፒራሚድ፣ ከሰዓት አሮጌው ካይሮ፣ ማታ ገበያ እያሉ ያደርጉታል፤ እንደዚያ ካደረግሽ እናትሽ የሚያስታውሱት ድካሙን ብቻ ነው የሚሆነው።

አካሄዱ ቀላል ነው። ታህሪር አደባባይ ሥር ሳዳት የሚባል የምድር ባቡር ጣቢያ አለ። ከዚያ በአንደኛው መስመር ወደ ሔልዋን የሚሄደውን ያዙ፣ አራተኛው ፌርማታ ላይ ውረዱ። ስሙ ማር ጊርጊስ ነው፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ማለት ነው። መሐል ላይ ያሉት ፉርጎዎች የሴቶች ስለሆኑ እናትሽን ይዘሽ እዚያ ግቢ። ከጣቢያው ስትወጡ ከፊታችሁ የሮማውያን ምሽግ ግንብ ታያላችሁ፣ የባቢሎን ምሽግ ይሉታል። የምነግርሽ ቦታ ሁሉ እዚያው ግንብ ውስጥና ዙሪያውን ነው፣ ታክሲ አያስፈልግም።

በተንጠልጣይዋ ቤተ ክርስቲያን ጀምሪ። በዓረብኛ አል ሙዓለቃ ነው የሚሏት፣ የእመቤታችን ናት። በምሽጉ በር ማማዎች ላይ ስለተሠራች ከሥሯ ባዶ ነው፣ ወለሉ ላይ ባለው መስታወት ቁልቁል ይታያል። መውጫዋ 29 ደረጃ አለው። ቀስ ብላችሁ ውጡ፣ መሐል ላይ ማረፍ ይቻላል። ጣሪያዋ እንጨት ነው፣ የኖኅን መርከብ ገልብጠሽ ያየሽው ይመስላል። ከ11ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለረጅም ጊዜ የግብፅ ፓትርያርኮች መንበር የነበረችው እሷ ናት። እኛ ደግሞ ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ ጳጳስ የምናስመጣው ከእነዚያው ፓትርያርኮች ነበር። የራሳችን የመጀመሪያው ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስ እንኳ በ1951 ዓ.ም. የተሾሙት እዚያው ካይሮ ነው። ስለዚህ እናትሽ እንደ ቱሪስት ሳይሆን እንደ ዘመድ ነው የሚገቡት።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። እኔ መጀመሪያ ቀን ምንም ሳላውቅ ገብቼ ቆሜ ሳለ አንዲት ትልቅ ግብፃዊት ሴት ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ሐበሻ ነኝ ስላቸው እጄን ይዘው ወደ ቀኝ በኩል ወሰዱኝና አንዲት ትንሽ የጸሎት ቤት አሳዩኝ። «ተክላ ሃይማኖት! ሐበሺ!» አሉኝ ደረታቸውን እየመቱ። የአባታችን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ጸሎት ቤት ነው፣ እዚያ፣ ካይሮ መሐል፣ ከአንድ ሺህ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ ባላት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ። ግብፆች በጣም ነው የሚወዷቸው። እኔ ያን ቀን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በነገራችን ላይ መቀመጫ ወንበር በየቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ ለእናትሽ ጉልበት ጥሩ ነው።

ቀጥሎ አቡ ሰርጋ። መንገዱ ወደ ታች የሚወርድ ጠባብ ኮሪደር ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የሰማዕታቱ የሰርጊስና የባኮስ ነው። ከመሠዊያው ሥር ከመሬት በታች ያለ ዋሻ አለ፤ ቅድስት ቤተሰብ በስደታቸው ያረፉበት ነው ይላል ትውፊቱ። ይህ ዋሻ ለብዙ ዘመን የዓባይ ሙላት በመጣ ቁጥር ውኃ ይገባበት ነበር። እስቲ አስቢው። ክረምት እዚህ የሚወርደው ዝናብ፣ ወንዞቻችንን ሁሉ ጠርጎ የሚሄደው ጎርፍ፣ እዚያ ደርሶ እመቤታችን ያረፈችበትን ዋሻ ያጥለቀልቀው ነበር። ይህን ለእናትሽ እዚያው ሆነሽ ንገሪያቸው፣ አስቀድመሽ እንዳትነግሪያቸው።

ጫማን በተመለከተ፦ እንደኛ ከበር ላይ አይወለቅም። የሚወለቀው ወደ መቅደሱ ሲገባና ሲቆረብ ነው። እናትሽ መጀመሪያ ግር ይላቸዋል። ማውለቅ ከፈለጉ ማንም ምንም አይላቸውም፣ እኔ ሁልጊዜ አወልቅ ነበር። ነጠላ በጣም ጥሩ ነው። ቅዳሴ ላይ መገኘት ካማራችሁ ዓርብ ወይም እሑድ ጠዋት ነው፣ ዓርብ እዚያ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ሰው በብዛት ይመጣል። ቅዳሴው በዓረብኛና በቅብጥ ቋንቋ ነው፣ ግን «ኪርያላይሶን» ሲሉ እናትሽ አብረው ይላሉ።

ዘይቱን ለብቻው ግማሽ ቀን ይሁን፣ ከመሐል ከተማ ራቅ ይላል። መጋቢት 24 ቀን 1960 ዓ.ም. ጀምሮ እመቤታችን በጉልላቱ ላይ ታየች የተባለበት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የኛም ሰው በየዓመቱ የሚያከብረው ለዚህ ነው። ጊዜ ከተረፋችሁ ሙቀጠም ተራራ ላይ የስምዖን ጫማ ሰፊው ገዳም አለ። ተራራው የፈለሰበትን ታሪክ እናትሽ በቃላቸው ያውቁታል። ዓለቱ ውስጥ ተፈልፍሎ የተሠራ ነው፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይይዛል። መኪና እስከ በሩ ይደርሳል።

ምግብ አታስቢ። ፉል አለ፣ ጣዕሚያ የሚሉት ከባቄላ የሚጠበስ አለ፣ ኩሸሪ ደግሞ ሩዝ፣ ምስር፣ መኮሮኒ፣ ሽምብራና የተጠበሰ ሽንኩርት በቲማቲም ስጎ ነው፤ ሁሉም የጾም ነው። «ሲያሚ» ካልሻቸው ይገባቸዋል፣ ጾም ማለት ነው። ጾመ ነነዌን እነሱም ከኛ ጋር በአንድ ቀን ነው የሚጾሙት።

ስለ ግድቡ፦ አዎ፣ ያነሱታል። በተለይ ባለታክሲዎች። እኔ በአራት ዓመት ውስጥ ክፉ ቃል የተናገረኝ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ነው፣ ሻይ የጋበዘኝ ግን ስፍር ቁጥር የለውም። «የአንድ ወንዝ ልጆች ነን» ብለሽ ወሬ ቀይሪ።

ፒራሚዱ ላይ ግን ግመል አትከራዩ። እኔን አንዱ ባለግመል በትንሽ ብር ካወጣኝ በኋላ ለማውረድ አምስት እጥፍ ጠየቀኝ። ከእናትሽ ጋር ሆነሽ እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ ውስጥ መግባት የለብሽም።

የታሪክ መምህር

ዓባይ ማዶ ስለ አሮጌው ካይሮ የጻፈውን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ግን አንድ ነገር ዘለለ፣ እዚያው ግቢ ያለውን የቅብጥ ሙዚየም። እባክሽ እንዳታልፊው። ከ1908 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። በ1945 እ.ኤ.አ. ናግ ሐማዲ በሚባል ቦታ በማሰሮ ውስጥ የተገኙት ጥንታዊ የብራና ሳይሆን የፓፒረስ፣ ማለትም ከደንገል የሚሠራ ወረቀት፣ መጻሕፍት እዚያ ናቸው። ለእናትሽ ግን የምመርጥላቸው አንድ ትንሽ መጽሐፍ ነው። መዝሙረ ዳዊት ነው፣ ሙሉው፣ በቅብጥ ቋንቋ የተጻፈ፣ 1,600 ዓመት ገደማ የሆነው። የተገኘው በአንዲት ልጅ መቃብር ውስጥ ነው፣ ከራሷ ሥር ተደርጎላት። እኛ አገር ዳዊት ከራስጌያቸው የማይለይ እናቶችን አስቢና ያንን መጽሐፍ እዪው። ሕንፃው ራሱም የሚታይ ነው፣ የተቀረጸው የእንጨት ጣሪያና መስኮት።

ከትልልቆቹ ሙዚየሞች የትኛው ይቅር ላልሽው፦ በአንድ ጉዞ ሦስቱንም ማየት ጥሩ አይደለም፣ ዓይን ይደክማል፣ ሃምሳኛውን ሐውልት ስታይ የመጀመሪያውን ረስተሽዋል።

ፒራሚዶቹ አጠገብ ያለው ታላቁ የግብፅ ሙዚየም በኅዳር 2025 እ.ኤ.አ. ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል። ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከቱታንካሙን መቃብር የወጣው ከ5,000 በላይ ዕቃ በአንድ ላይ የሚታየው እዚያ ነው። በሩ ላይ 11 ሜትር የሚሆን የዳግማዊ ራምሴስ ሐውልት ይቀበላችኋል። የኩፉ መርከብም አለ፤ ከሊባኖስ ዝግባ የተሠራ፣ ከ42 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ 4,500 ዓመት የሆነው። ሊፍትና ተንቀሳቃሽ ደረጃ ስላለ ለእናትሽ ከሁሉም የሚመቸው ይኸው ነው። ቲኬቱን ቀድመሽ በኢንተርኔት ሰዓት መርጠሽ ያዢ። ቲኬቱ ላይ 9 ሰዓት ካለ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ማለት ነው፣ በኛ አቆጣጠር ሄዶ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ። በዚያ ወቅት ካይሮ ከኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መሆኗንም አትርሺ።

የነገሥታቱ አስከሬን ግን እዚያ አይደለም። በሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. 22ቱ በሰልፍ ታጅበው ፉስጣጥ ወዳለው የሥልጣኔ ሙዚየም ተወስደዋል። አሥራ ስምንት ነገሥታትና አራት ንግሥታት ናቸው። ክፍሉ ከመሬት በታች ነው፣ ጨለም ያለና ጸጥ ያለ። ፎቶ ክልክል ነው። ከአሮጌው ካይሮ በታክሲ ቅርብ ነው።

ስለዚህ የምትተዪው ሦስተኛውን፣ ታህሪር አደባባይ ያለውን የድሮውን የግብፅ ሙዚየም ነው። እኔ እንኳ የምወደው እሱን ነበር፣ ከ1902 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ቀዩ ሕንፃ፣ አቧራው፣ የድሮው የመስታወት ሣጥን። ሰዓት ከተረፈሽ ግቢ።

አሁን የባሕር ዳር ሰው ሆኖ ካይሮ ሄዶ ሳያይ መመለስ የሌለበት አንድ ቦታ ልጨምር፣ ማንም አያነሳውም። ሮዳ የምትባለው ደሴት ደቡብ ጫፍ ላይ የዓባይ መለኪያ አለ። ዓረቦቹ ሚቅያስ ይሉታል። በ861 እ.ኤ.አ. የተሠራ ጥልቅ የድንጋይ ጉድጓድ ነው፣ መሐሉ ላይ ስምንት ማዕዘን ያለው የእብነ በረድ ዓምድ ቆሟል፣ ዓምዱ ላይ የክንድ ልክ ተቀርጿል። ከወንዙ በሦስት ዋሻ ውኃ ይገባ ነበር። በክረምት ሙላቱ ሲመጣ ስንት ክንድ እንደደረሰ ያያሉ። 16 ክንድ ከሞላ አገር ይደሰታል፣ የዓመቱ ግብርም በዚያ ይወሰናል። ካልሞላ ረሃብ ነው። የአስዋን ታላቅ ግድብ እስኪሠራ ድረስ ሙላቱ በየዓመቱ ይመጣ ነበር። እኛ «ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው» ስንል እነሱ ያንን በድንጋይ ላይ በክንድ ያነቡት ነበር ማለት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ ብዙ ሰው የዓባይ ውኃ ሁሉ ከጣና የሚወጣ ይመስለዋል፤ ከጣና ብቻ የሚወጣው ግን ትንሹ ነው። ዓባይ የሚገዝፈው ከሐይቁ ከወጣ በኋላ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከወለጋ በሚገቡለት ገባር ወንዞች ነው። ግብፅ ከሚደርሰው ውኃ 85 በመቶ ያህሉ ግን ከኢትዮጵያ ደጋ ነው የሚሄደው። ሲጠይቁሽ በትክክል እንድትመልሺ ብዬ ነው።

ነጭ ሻሽ

እህቴ፣ እኔ ከዑምራ ስመለስ ካይሮ አራት ቀን ቆይቼ ነበር። መስጊዶቹን ከዝርዝርሽ እንዳትሰርዢያቸው ነው የምጽፍልሽ። እናትሽ ደስ የማይላቸው እንዳይመስልሽ፣ አጠገቤ ብዙ ክርስቲያኖች ሲጎበኙ አይቻለሁ፣ በአክብሮት ነው የሚቀበሏቸው።

ማር ጊርጊስ ከደረሳችሁ የዐምር ኢብኑል ዓስ መስጊድ በእግር ቅርብ ነው። በ642 እ.ኤ.አ. ገደማ የተመሠረተ፣ በአፍሪካ የመጀመሪያው መስጊድ እሱ ነው ይባላል። ብዙ ጊዜ ፈርሶ ስለተሠራ የጥንቱ ግንብ ብዙም የለም፣ ግን ግቢው ሰፊ ነው፣ ነፋሻ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ፣ የአይሁዶቹ የቤን ዕዝራ ምኩራብና መስጊዱ ሁሉ በአንድ ሰፈር ናቸው። እኔ በጣም የገረመኝ ይኼ ነው።

አንድ ብቻ መስጊድ የምታዪ ከሆነ ግን ኢብን ጡሉንን እዪ። በ879 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ ያለቀ ነው፣ መልኩም ሳይቀየር የቆየ ነው። የሚናራው ደረጃ በውጭ በኩል ተጠምዝዞ ነው የሚወጣው። ከውጭ የካይሮ መኪና ጥሩንባ ያደነቁራል፣ ግቢው ውስጥ ስትገቢ ድምፁ ይጠፋል። እኔ ሁለት ሰዓት ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። እናትሽም ቅስቶቹ ሥር ይቀመጡ፣ አንቺ ሚናራውን ውጪ።

አል አዝሃርን ደግሞ የማነሳው የኛም ስለሆነ ነው። ከተሠራ አንድ ሺህ ዓመት አልፎታል። ድሮ ተማሪዎች በየአገራቸው የሚኖሩበት «ሪዋቅ» የሚባል ክፍል ነበራቸው፤ ከኛ አገርና ከአካባቢው የሚሄዱት የጀበርቲ ሪዋቅ ነበራቸው። ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል ጀበርቲ ስሙ ከዚያ ነው፣ አያት ቅድመ አያቶቹ ከኛ ወገን የሄዱ ናቸው። ናፖሊዮን ግብፅ ሲገባ በዓይኑ አይቶ የጻፈው እሱ ነው። አንድ ሰው እንኳ ይህን ሳይነግረኝ አልፌው ነበር፣ ከተመለስኩ በኋላ ሳውቅ ቆጨኝ።

ነጠላችሁ ለራስ መሸፈኛ ይበቃል። ጫማ ይወለቃል፣ ካልሲ ያዙ፣ ጥር ላይ ወለሉ ይበርዳል። የሶላት ሰዓት ላይ ጉብኝት የለም፣ ዓርብ ቀትር ላይ ጨርሶ አትሂዱ።

የጣና ባለጀልባ

እኔ ካይሮን አላየሁም። ግን ሰው ወደ ገዳማቱ ሳመላልስ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነኝ፣ ስለዚህ ከዚህ በኩል ያለውን ልናገር።

እመቤታችን ከግብፅ ወደ ኢትዮጵያም መጥታለች ይላሉ አባቶቻችን፣ ጣና ቂርቆስ ላይ ሦስት ወር ከዐሥር ቀን ተቀምጣለች። አቡ ሰርጋ ስትገቡ እናትሽ ይህን ማስታወሳቸው አይቀርም። ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ጎንደር ላይ ቁስቋምን አሠሩ፤ ቁስቋም የግብፅ ተራራ ስም ነው፣ ቅድስት ቤተሰብ የተቀመጡበት። ስሙ ከዚያ መጥቶ እዚህ ቀረ። የግብፁ ቁስቋም ገዳም አስዩጥ በኩል ነው አሉ፣ ከካይሮ በባቡር ግማሽ ቀን። በአምስት ቀን አይሞከርም፣ ግን ለሌላ ጊዜ ያዙት።

ስለ ነገሥታቱ አስከሬን ስታነሱ ዳጋ እስጢፋኖስን አሰብኩ። የነዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የነዐፄ ፋሲል አፅም እዚያ በመስታወት ሣጥን ነው። ዳጋ ሴት አይገባም። እናትሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጀልባ ላይ ሆነው ነው ደሴቱን የሚሳለሙት። እዚያ ሄደው የፈርዖንን አስከሬን በዓይናቸው ማየታቸው ደስ ብሎኛል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ልጄ በስልኳ ያሳየችኝ ምስል አለ። መከትሬ የሚባል የጥንት ግብፅ ሹም መቃብር ውስጥ የተገኘ ትንሽ የእንጨት ቅርጽ ነው፣ 4,000 ዓመት ይሆነዋል። ሁለት የደንገል ታንኳ ጎን ለጎን ሆነው መሐላቸው መረብ ይጎትታሉ፣ መረቡ ውስጥ ዓሣ አለ። አፍንጫው ወደ ላይ የታጠፈው፣ አስተሳሰሩ፣ ሁሉ ነገሩ የኛ ታንኳ ነው። ከካይሮ ሙዚየሞች በአንዱ ነው የሚገኘው። ካገኘሽው ከጎን በኩል ፎቶ አንሺልኝ፣ የኋላውን እንዴት እንዳሰሩት ማየት እፈልጋለሁ። ደንገሉ እዚህም እየጠፋ ነው፣ ታንኳ የሚሠሩ ሰዎችም እየቀነሱ ነው።

የሽምብጥ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 23ቱን ወደ 8 አወረድኩት። ስመለስ እጽፋለሁ።

የሽምብጥ ልጅ

ተመልሰናል። ከገባን አራተኛ ቀናችን ነው፣ እማዬ አሁንም ጎረቤት እየሰበሰበች ታወራለች።

ዓባይ ማዶ እንዳልከው የመጀመሪያውን ቀን በሙሉ ለአሮጌው ካይሮ ሰጠን። ከሁሉም ትክክለኛው ምክር ይኼ ነበር። ተንጠልጣይዋ ላይ 29ኙን ደረጃ ሦስት ጊዜ አርፋ ወጣች። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በእጇ ይዛ ገባች፣ አንድ ዘበኛ ሊናገር ብሎ አየት አደረጋትና ተወው። የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ጸሎት ቤት ያሳየን ሰው አልነበረም፣ ራሴ ፈልጌ አገኘሁት። ስነግራት አላመነችኝም። ሥዕሉን ካየች በኋላ ግን ተንበረከከች፣ ጉልበቷን እያመማት። ከዚያ አንነሳም አለች። አንድ ሰዓት ያህል እዚያው ነበርን። ያን ጊዜ ነው የሰረዝኳቸው 15 ቦታዎች ምንም እንዳላጎደሉብኝ የገባኝ።

አቡ ሰርጋ ወርደን የዓባይ ሙላት ይገባበት እንደነበር ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ውኃው ሊሳለማት ይመጣ ነበራ» አለች።

የቅብጥ ሙዚየም ውስጥ ዳዊቱ ጋ አንዲት ግብፃዊት ልጅ ለእማዬ በምልክት ስታስረዳት ነበር፣ እጇን ከራሷ ሥር አድርጋ እንደተኛ ሰው። እማዬ ወዲያው ገባት። እሷም ያለ ዳዊቷ አትተኛም።

ነጭ ሻሽ፣ ኢብን ጡሉን ሄደናል። ካልሲውን ስላልሽ አመሰግናለሁ፣ ወለሉ በረዶ ነው። እማዬ ቅስቶቹ ሥር ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ስትቆጥር አንዲት ሙስሊም እናት አጠገቧ ተቀምጠው የራሳቸውን ይቆጥሩ ነበር፣ በአንድ ቃል እንኳ ሳይግባቡ ብርቱካን ተካፈሉ።

ነገሥታቱን አየን። እማዬ ብዙ መቆየት አልፈለገችም፣ «ሰው ነው፣ ይሸፈን» አለችኝ። እኔ ለብቻዬ ተመልሼ ገባሁ። ትልቁ ሙዚየም ላይ ደግሞ አምስት ሰዓት ቆየን፣ የደከምኩት እኔ ነበርኩ።

ስለ ግድቡ ሦስት ሰው አነሳብን። አንዱ ባለታክሲ ነው፣ ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር። እማዬ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። «እኔ ወንዙ ከሚወጣበት መጣሁ፣ በየቀኑ ነው የማየው፣ ደህና ነው በለው» አለችኝ። እሱን ስተረጉምለት ሳቀ፣ እስክንወርድም ስለ ልጆቹ ሲያወራን ነበር።

መምህር፣ ሚቅያስንም አልቀረንም፣ የመጨረሻው ቀን ላይ ሄድን። ደረጃው ቁልቁል ነው፣ መያዣው ዝቅ ያለ ነው፣ እማዬ መውረድ አልቻለችም። ከላይ ቆማ እኔ ወረድኩ። ዓምዱ ሥር ስደርስ ከላይ ድምጿ መጣ፣ ያ ጉድጓድ ድምፅ ያስተጋባል፦ «ስንት ክንድ ደረሰ?» እያንዳንዱን ምልክት ጮክ ብዬ እየቆጠርኩላት ወጣሁ። 16 ላይ ስደርስ እልል አለች፣ ጠባቂውም አብሮ አጨበጨበ።

ባለጀልባው፣ ታንኳውን አግኝተነዋል። ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ አንስቼልሃለሁ፣ የኋላውም ይታያል። ለየካቲት 16 እማዬን ዑራ ኪዳነ ምሕረት ልወስዳት ነው፣ የስደቱን ሥዕል ደግማ ልታየው ትፈልጋለች። ለሁለት ሰው ቦታ ያዝልን፣ ፎቶዎቹን ያን ቀን ይዤልህ እመጣለሁ።